ጥድፊያ የወለደው ውበት

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማችኋል? እስቲ እጃችሁን አውጡልኝ። መልካም። ወንበር ያላገኛችሁ ወለሉ ላይ ብትቀመጡ ቅር አይለኝም፤ የዛሬዎቹ ባለታሪኮቼም አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩት ቆመው፣ ተንጠልጥለው ወይም እየሮጡ ነው።

አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ሲጋብዙኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሠዓሊ ነህ?» ብለው ነው። አይደለሁም። ዲጄም ዲዛይነርም አይደለሁም። ተመልካች ነኝ። የተቀባ ግድግዳ ባየ ቁጥር የሚቆም፣ አብሮት ያለውንም ሰው የሚያስቆም፣ ካስቆመ በኋላ የሚያሰለች ተመልካች። ባለቤቴ እዚህ አለች፣ ትመስክር። ሰዓት የተቆረጠለት ቀጠሮ ካላት ከእኔ ጋር ከቤት አትወጣም። (ሳቅ)

ታዲያ ተመልካች ስለ ጥበብ ምን ያወራል? ግራፊቲ፣ ማለትም ግድግዳና ባቡር ላይ በቀለም የሚጻፈውን ጽሕፈት፣ የሚሠሩ ሰዎች እንደሆነ ብዙ አያወሩም። ሥራቸው ለረጅም ጊዜ ፖሊስ የሚያስጠራ ስለነበር ስማቸውን ግድግዳ ሙሉ ይጽፋሉ እንጂ መልካቸውን አያሳዩም። ወሬው ለእኛ ለወዳጆቹ ቀረ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተረከብኩት።

የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው፤ የምገባበት በር ግን ሦስት ነው። ነገሩ ይኸውላችሁ፦ በከተማ ግድግዳ ላይ የምናየው ውበት ከጥድፊያና ከእጥረት የተወለደ ነው። ጊዜ አልነበራቸውም። ገንዘብ አልነበራቸውም። ፈቃድ አልነበራቸውም። ለፊደሉም፣ ለሙዚቃውም፣ ለፖስተሩም ቅርጽ የሰጠው ያ ያልነበራቸው ነገር ነው። በሮቹም እነዚሁ ናቸው፦ ፊደል፣ ሙዚቃ፣ ዲዛይን። እኩል አልከፋፍላቸውም፤ ፊደሉ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም የምወደው እሱን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

እሺ፣ የመጀመሪያው በር፤ ፊደል።

የዘመናዊ ግራፊቲ ታሪክ ሲነሳ ሰው ሁሉ ወደ ኒውዮርክ ይሮጣል። እኔ ግን ፊላደልፊያ ትቅደም እላለሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዳሪል ማክሬይ የሚባል ልጅ «ኮርንብሬድ» የሚለውን ቅጽል ስሙን በከተማው ግድግዳ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሲንቲያ የምትባል ልጅ ወዶ «ኮርንብሬድ ሲንቲያን ይወዳል» እያለ ጻፈ። ልጅቷን ለማማለል የተጀመረው ነገር ቀስ በቀስ ከተማውን ሁሉ የማዳረስ ሱስ ሆነበት። ልብ በሉልኝ፣ ሥዕል የለም። ጌጥ የለም። ስም ብቻ!

ከዚያ ኒውዮርክ። ዲሜትሪየስ የሚባል የግሪክ ተወላጅ ወጣት የመልእክተኛነት ሥራ ነበረው፤ ፖስታና ጥቅል ይዞ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማካለል። የቤት ስሙ ታኪ ነው፤ የሚኖርበት መንገድ ደግሞ 183ኛ ጎዳና። በሄደበት ሁሉ በማርከር «ታኪ 183» ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ሥራው ራሱ መጻፊያ ሰጠው ማለት ነው፤ እየከፈሉት ከተማውን ያዞሩታል፣ እሱ ደግሞ ስሙን ያዞራል። ጁላይ 21 ቀን 1971 ኒውዮርክ ታይምስ ስለ እሱ ጽሑፍ ሲያወጣ ነገሩ እሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። ጋዜጣ ላይ የሚያወጣ ነገር መሆኑን ያየ ልጅ ሁሉ ማርከሩን አነሳ።

አሁን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሁሉም ሰው ስሙን ከጻፈ፣ የአንተ ስም በምን ይለያል? በብዛት? ብዙ የሚጽፍ ሌላ ይመጣል። በመጠን? ትልቅ የሚጽፍም ሌላ ይመጣል። የቀረው በአጻጻፍ መለየት ነው። ስታይል የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ፉክክር ነው። ልጆቹ ራሳቸውን «ሠዓሊ» አይሉም ነበር፤ «ጸሐፊ» ነበር የሚሉት፣ ዛሬም ብዙዎቹ እንደዚያው ይላሉ።

መሣሪያውን እንይ። ባለ ቀለም የስፕሬይ ጣሳ በ1949 ኤድ ሲሞር የሚባል አሜሪካዊ የቀለም ነጋዴ ያወጣው ነው። ለምን አወጣው? የቤት ማሞቂያ ራዲያተር የሚቀባ አልሙኒየም ቀለሙን ለደንበኞች ለማሳየት! ከጣሳው አፍ ላይ የምትሰካው፣ ካፕ የምንላት ትንሽ ፕላስቲክ የመስመሩን ውፍረት ትወስናለች። ልጆቹ ቀጭኑ መስመር አላረካቸውም፤ ስለዚህ ከምድጃ ማጽጃና ከመሳሰለው ጣሳ ላይ ካፕ እየነቀሉ የቀለሙ ጣሳ ላይ ሰኩት። ሰፊ መስመር ወጣ። በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ትልቅ ፊደል መሙላት ተቻለ። ለግራፊቲ ጸሐፊዎች ተብሎ የተሠራ ቀለም የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ባርሴሎና አካባቢ ሞንታና ከለርስ የተቋቋመው በ1994 ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ታሪክ በሙሉ የተጻፈው ለሌላ ሥራ በተሠራ ዕቃ ነው።

ወደ ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ልምጣ። ለምን ባቡር? ግድግዳ ባለበት ይቆማል፤ ባቡር ግን ስምህን ይዞ አንተ ወደማትሄድበት ሰፈር ይሄዳል። ግን አስቡት! ባቡሩ ጣቢያ ላይ የሚቆመው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሲመጣም ሲሄድም እየሮጠ ነው። የሚያየው ሰው ከማዶ መድረክ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ዓይን የሚይዝ ፊደል ምን ዓይነት ነው? ወፍራም፣ ክብ፣ ዙሪያው በጥቁር መስመር የተከበበ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፌዝ 2 የሚባለው ጸሐፊ አረፋ የሚመስሉ የተነፉ ፊደላትን አወጣ፤ ዛሬ በየዓለሙ የምናየው ክብ ፊደል ዘሩ ከዚያ ነው። አሠራሩም የጥድፊያ አሠራር ነው። አስቀድመህ ቤትህ ቁጭ ብለህ ብላክቡክ በሚባለው ደብተር ላይ ትነድፋለህ። ሌሊት ባቡሮቹ የሚያድሩበት ቦታ ትገባለህ። ጨለማ ነው፤ የትኛው ጣሳ ቀይ፣ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ በዓይንህ አትለየውም። መጀመሪያ በቀጭኑ ትነድፋለህ፣ ከዚያ ትሞላለህ፣ ከዚያ ዙሪያውን እንደገና በደማቁ ትከባለህ። ያ የመጨረሻው መስመር ነው ፊደሉን ከጀርባው የሚነጥለው። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ በፊት የለፋህበት ሁሉ ተበላሸ። እጅህ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ ነው፣ ጠባቂ አለ። ሌዲ ፒንክን እዚህ ላይ ሳላነሳት አላልፍም፤ በ1979 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች የጀመረች፣ ወንዶች በሞሉበት ጨለማ ውስጥ ገብታ ስሟን ያስከበረች ሴት ናት።

ፊደሎቹ ከጊዜ በኋላ እርስ በርስ ተጠላለፉ፤ ቀስት አወጡ፣ እግርና ክንድ አወጡ። ዋይልድስታይል ይሉታል። ማንበብ አይቻልም። እዚህ ላይ የእናቴን ታሪክ ልንገራችሁ።

የዚህ ዓይነት ባቡር ትልቅ ፎቶ አሳትሜ ሳሎን ሰቅዬ ነበር። እማዬ ልትጠይቀኝ መጣችና መነጽሯን አድርጋ ፊቱ ቆመች።

«ምን ይላል ይኸ?»

«ስም ነው እማዬ። የሠራው ልጅ ስም ነው።»

«ሰው እንዳያነበው አድርጎ ከጻፈው ታዲያ ለማን ብሎ ነው የለፋው?»

ምን ብዬ ልመልስ? «ለጓደኞቹ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ዋይልድስታይል የሚጻፈው ለሌሎች ጸሐፊዎች ነው። እኛ ተሳፋሪዎቹ ቀለሙን እናያለን፤ ፊደሉን የሚያነቡት እነሱ ናቸው። እማዬ መልሱን አልወደደችውም። ግን እናቴ ጥልፍ ታውቃለች። ሻይ ሳፈላ ቆይቼ ስመለስ ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ መስመር እየተከተለች ነው። «ክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በዚህ ሥር ይገባል፤ በዚህ ይወጣል» ትለኛለች። ፊደሉን ለየችው እላችኋለሁ! የላቲን ፊደል ማንበብ የማትችል ሴት አንዱን ፊደል ከሌላው ለየችው። እኔ ያን ፎቶ ሰቅዬ ስኖር አንድም ቀን መስመር ተከትዬ አላውቅም ነበር፤ ቀለሙን ነበር የማየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳ የማየው እንደ እማዬ ነው። እናንተም ሞክሩት። አንድ መስመር ምረጡ፣ የት እንደሚጀምር ፈልጉ፣ እስኪያልቅ ተከተሉት።

ከርዕሴ ትንሽ ልውጣና ስለራሳችን ፊደል አንድ ነገር ልበል። ስታይል ለሚወድ ሰው የእኛ ፊደል ግብዣ ነው። ሐ ሦስት እግር አላት፤ ሠ ገልብጣ ሦስት ክንድ ታነሳለች። መ ሁለት ክብ፣ ቀ ክብ ወገቡ ላይ በእንጨት የተወጋ። ግን አደጋም አለው። ካዕብ ጎን ላይ በምትቀጠል ሰረዝ፣ ሣልስ እግር ላይ በምትቀጠል ሰረዝ፣ ኃምስ በቀለበት ነው የሚታወቀው። በላቲኑ ፊደል ላይ ቀስት ብትጨምር ጌጥ ነው፤ በእኛ ፊደል ላይ ቦታ ያልተመረጠለት ቀስት ድምፁን ይቀይረዋል። «ሰ» ልትል «ሱ» ትላለህ። ስለዚህ ጌጡ ንባቡን ሳይነካ የት ሊቀመጥ ይችላል የሚለው ሰፊ የቤት ሥራ ነው። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ በሸራ ላይ ፊደላችንን እየፈታና እየገጠመ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ኖሯል። ግድግዳ ላይ ማን እንደሚያደርገው እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣቶች ታውቁ ይሆናል።

የፊደሉን በር ሳልዘጋ ወደ በርሊን ልውሰዳችሁ። በዚያ የነበረው ጥድፊያ ከሁሉም የባሰ ነው። የበርሊን ግንብ በምዕራብ በኩል በቀለም የተሞላ፣ በምሥራቅ በኩል ባዶ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል የሚቀርበው ሰው ይተኮስበታላ! ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ምዕራባዊው ገጽ ራሱ የቆመው በምሥራቅ ጀርመን መሬት ላይ መሆኑን ነው። ግንቡ ከድንበሩ ትንሽ ገባ ብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ከምዕራብ መጥቶ የሚቀባ ሰው በሕግ ዓይን ሌላ አገር ገብቷል፤ ወታደሮቹ በትንሽ በር ወጥተው ሊይዙት ይችላሉ። ቲየሪ ኑዋር የሚባል ፈረንሳዊ በ1984 እዚያ ላይ መሳል ጀመረ። ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ረጅም ጭንቅላት፣ ትልቅ ከንፈር፣ ጥቂት ቀለም፣ አንድ መስመር። ሕፃን የሳለው ይመስላል ይላሉ። በሉ እናንተ ወታደር መጣብኝ እያላችሁ ሥዕል ሣሉ! ሥዕሉ ቀላል የሆነው በፍጥነት ተሠርቶ በፍጥነት የሚሮጥበት ስለሆነ ነው። ግንቡ በ1989 ከወደቀ በኋላ በ1990 ከ21 አገሮች የመጡ 118 ሠዓሊዎች 1,316 ሜትር በሚረዝም ቅሪቱ ላይ ሠሩ፤ ኢስት ሳይድ ጋለሪ ይባላል። በዚህኛው ላይ ፈቃድ ነበር፣ ጊዜ ነበር። ሁለቱን አስተያዩና ፍርዱን ለራሳችሁ ስጡ። እኔ የኑዋርን ጭንቅላቶች እመርጣለሁ።

ውኃ ልጠጣ። ሁለተኛው በር፤ ሙዚቃ።

ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ብሮንክስ የሚባለው የኒውዮርክ ክፍል፣ 1520 ሴጅዊክ ጎዳና። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት የሚሆን አዲስ ልብስ መግዣ ገንዘብ ፈለገች፤ በመኖሪያ ሕንፃቸው ያለውን አዳራሽ ተከራይታ ጭፈራ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። መጥሪያው በትናንሽ ካርድ ላይ በእጅ የተጻፈ ነበር። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ወንድሟ ነው፤ ዲጄ ኩል ኸርክ። ሂፕሆፕ ልደቱን የሚያከብረው በዚያ ቀን ነው። አሁን ወደ ርዕሴ የሚመልሰኝን ነገር ስሙ፤ ኸርክ ከዲጄነቱ በፊት ግራፊቲ ጸሐፊ ነበር። «ኩል ኸርክ» የሚለው ስም ግድግዳ ላይ ተጽፎ ነው ወደ ማይክሮፎን የመጣው።

ያደረገው ምንድን ነው? ሰዎች በጣም የሚጨፍሩት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ በሚቀርበት ቦታ ላይ መሆኑን አየ። ያ ቦታ ደግሞ አጭር ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ያልፋል። እሱም ሁለት የሸክላ ማጫወቻ አቁሞ ከአንዱ ሸክላ ከበሮ ወደ ሌላው ሸክላ ከበሮ እየዘለለ አራዘመው። ግራንድማስተር ፍላሽ ደግሞ ነገሩን በትክክል ለማድረግ ሸክላው ላይ በቀለም እርሳስ ምልክት አደረገ፤ ከበሮው የሚጀምርበትን ቦታ በጆሮው ከመፈለግ በዓይኑ እንዲያየው። ሸክላ ላይ መጻፍ! እዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን አንዱ ልጅ ባቡር ላይ መስመር ይስላል፣ አንዱ ልጅ ሸክላ ላይ። የስቱዲዮ ሙዚቀኛ መቅጠር የሚችል ሰው ይህን ሁሉ አያደርግም፤ ከበሮ የሚመታ ሰው ይቀጥርና ያርፋል።

ሰው ሂፕሆፕና ግራፊቲ አንድ ናቸው ሲል ግን ትንሽ እቃወማለሁ። ዶንዲ የሚባለው የኒውዮርክ ጸሐፊ በ1980 የሠራቸው ዝነኛ ባቡሮች ስማቸውን ያገኙት ከከባድ ሮክ ዘፈን ነው። ባቡር ይጽፉ የነበሩ ብዙ ልጆች ሮክ ነበር የሚሰሙት። ፉቹራ 2000 የሚባለው ሌላው ጸሐፊ በ1981 ክላሽ ከሚባለው የእንግሊዝ ፐንክ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እነሱ ሲጫወቱ እሱ ከጀርባቸው ትልቅ ሸራ ላይ በስፕሬይ ይሥል ነበር። በ1983 ደግሞ ራሜልዚ እና ኬ-ሮብ ያወጡት የራፕ ሸክላ ሽፋኑን የሣለው፣ ቀረጻውንም ያሳተመው ዣን ሚሼል ባስኪያ ነው፤ ያው በማንሃተን ግድግዳዎች ላይ «ሳሞ» እያለ ሲጽፍ የነበረው ልጅ። ያን ጊዜ የታተመው 500 ቅጂ ብቻ ነው። በ2017 አንድ ሥዕሉ በጨረታ 110.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ እኔ የታየኝ ያ ሸክላ ነው። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ብትሄዱ ማሲቭ አታክ የሚባለውን ባንድ ከመሠረቱት አንዱ ሮበርት ዴል ናያ «ስሪ ዲ» በሚል ስም ከከተማዋ ቀዳሚ ግራፊቲ ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። ድምፁን ስሙት፤ ድርብርብ ነው፤ አሮጌው ቀለም በአዲሱ ሥር የሚታይበት ግድግዳ ነው።

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ግን ልቤን ትሰርቀዋለች። እዚያ ፒሻሳው የሚባል ጽሕፈት አለ። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ሹል፣ ጥቁር። ጸሐፊዎቹ ገመድ ሳይኖራቸው በሕንፃ ፊት ላይ በመስኮት በመስኮት ይወጣሉ፤ ስፕሬይ ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ በሮለርና በተራ የግድግዳ ቀለም ይጽፋሉ። ቅርጹ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ በ1980ዎቹ ከውጭ ከሚመጡ የፐንክና የሄቪ ሜታል ሸክላዎች ሽፋን ላይ ነው። ባንዶቹ ስማቸውን በጥንታዊ የሰሜን አውሮፓ ፊደል መልክ ያጽፉ ነበር፤ የሳኦ ፓውሎ ልጆች ያን ወስደው በሕንፃ ቁመት ልክ ሳቡት። የአልበም ሽፋን ወጥቶ ከተማ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የከተማው ሰው ግማሹ ይጠላዋል፤ አስቀያሚ ነው ይለዋል። እኔ አስቀያሚ ነው ብዬ አላውቅም። ያስፈራል፣ እሱ እውነት ነው።

እኔም ፊደልን የወደድኩት በሙዚቃ በኩል ነው። ታላቅ ወንድሜ ካሴት ይቀዳ ነበር። ቀድቶ ሲጨርስ የዘፋኙን ስም በካሴቱ ቤት ጠርዝ ላይ፣ በዚያች ጠባብ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። አጭር ስም ያለው ዘፋኝ እንደሆነ ፊደሉን ያሰፋዋል፣ ይነፋዋል። ስሙ ረጅም ከሆነ ፊደሎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ያዝላቸዋል። እኔ ታናሹ ካሴቱን መንካት አይፈቀድልኝም፤ ጠርዙን ማየት ግን ማን ይከለክለኛል? ሙዚቃውን ሳልሰማ ከአጻጻፉ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ መገመት ጀመርኩ። ወንድሜ ዲዛይን የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር። ቦታ ስለጠበበው ብቻ ነው።

ይኸው ሳላስበው ሦስተኛው በር ላይ ደረስኩ። ሰዓታቸውን እያዩ ያሉ ሰዎች አሉ፤ አይቻቸዋለሁ። (ሳቅ) ፈጠን እላለሁ።

በብሮንክስ ጭፈራ ሲኖር በራሪ ወረቀት ይበተናል። ፌዝ 2 ያ ባለ አረፋ ፊደሉ ሰው፣ ከባቡሩ ወደ በራሪ ወረቀት ዞረ። ቡዲ ኢስኳየር ደግሞ የበራሪ ወረቀት ንጉሥ ይባላል። ኮምፒውተር የለም። ፎቶ ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ፊደሉን በእጅ ይሥላሉ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ። ማሽኑ ግራጫ አይወድም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በጠንካራ ጥቁርና ነጭ አሰቡ፤ ያ መልክ ዛሬ በየፋሽኑ ልብስ ላይ የምታዩት ነው። ባቡር ይጽፍ የነበረው ኤሪክ ሄዝ በኋላ ለራፕ ቡድኖችና ለሙዚቃ አሳታሚዎች አርማ የሚሠራ ሆነ፤ ኢፒኤምዲ የሚባለውን የራፕ ቡድን አርማ እስቲ ተመልከቱ፣ ከማዶ ጣቢያ የሚነበብ ፊደል ነው። ሠዓሊው ኪት ሄሪንግም እንዲሁ። በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ያልተከራየው ሰሌዳ በጥቁር ወረቀት ይሸፈን ነበር። እሱ ነጭ ጠመኔ ገዝቶ ገባ። ጠመኔ በወረቀት ላይ አይሰረዝም፤ የተሳሳተ መስመር አይመለስም። ሰዎቹና ውሾቹ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የተሣሉ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ብሌክ ለ ራ በ1981 ፓሪስ ላይ በስቴንስል፣ ማለትም ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት፣ አይጥ መርጨት ሲጀምር ያገኘው ጥቅምም ይኸው ፍጥነት ነው፤ ረጅሙን ሥራ ቤትህ ትቆርጠዋለህ፣ መንገድ ላይ የቀረህ መርጨት ብቻ ነው። ማንነቱን የሚደብቀው እንግሊዛዊው የመንገድ ሠዓሊ ባንክሲ የወረሰው ይህን ነው።

ትልልቆቹ የግድግዳ ሥዕሎችስ? ሰባት ፎቅ የሚያክል ፊት እንዴት ነው ሳይጣመም የሚወጣው? ግድግዳ የሚሥል ወዳጅ አለኝ፤ ዕቃ አቀብዬው አውቃለሁ። መጀመሪያ ግድግዳውን ሁሉ ትርጉም በሌለው ጭረት፣ ክብ፣ ቁጥር ሞላው። ያበደ መሰለኝ። ከዚያ ወርዶ ፎቶ አነሳው፤ በስልኩ ላይ ንድፉን በጭረቶቹ ፎቶ ላይ ደረበው። ክሬኑ ላይ ሲወጣ ግድግዳው አፍንጫው ሥር ስለሆነ ምንም አይታየውም፤ ግን «የግራው ዓይን ከዚህ ክብ በላይ፣ ከዚያ 4 ቁጥር በስተቀኝ» እያለ ይሄዳል። ይኸው ወዳጄ አንድ ድርጅት ግድግዳ እንዲሥል ጠርቶት ንድፉን ሲያቀርብ «ሰዎቹ ትንሽ ይሳቁ» ብለው መለሱለት። አሳቃቸው። እንደገና መለሱለት፤ «አሁን በጣም ሳቁ።» (ሳቅ) ፈቃድ ያለው ግድግዳ ላይ ጠባቂ የለም ያለው ማነው?

ግን ሥዕል በሥዕልነቱ ብቻ አይደለም ትልቅ የሚሆነው። ኤል ሲድ የሚባለው ሠዓሊ በ2016 ካይሮ፣ ማንሺየት ናስር የሚባለው የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሰፈር ውስጥ ወደ 50 በሚሆኑ ሕንፃዎች ላይ አንድ ክብ የአረብኛ ጽሕፈት ሠራ። ሰፈሩ ውስጥ ብትቆሙ የምታዩት ቁርጥራጭ ቀለም ነው፤ ሙሉው የሚገጥመው ከሙቀጠም ተራራ ላይ ሆነው ሲያዩት ነው። የጻፈው ቃል የማን መሰላችሁ? የአትናቴዎስ! አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ። የፀሐይን ብርሃን በግልጽ ማየት የሚፈልግ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ የሚል ቃል ነው። ከተማው ቆሻሻ ነው ብሎ ለሚንቀው ሰፈር ይህን መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አንድ መራር ነገር ልጨምር። ግድግዳው የማን ነው? ኒውዮርክ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል የፋብሪካ ሕንፃ ነበር፤ ከየአገሩ የመጡ ጸሐፊዎች በባለቤቱ ፈቃድ ይሠሩበት ነበር። በኖቬምበር 2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት በነጭ ቀለም አስለሰነው። 21 ሠዓሊዎች ከሰሱ፤ በ2018 ዳኛው ለ45 ሥራዎች ለእያንዳንዳቸው 150,000፣ በድምሩ 6.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ባለቤቱ ሕንፃውን ማፍረስ ይችል ነበር፤ የተፈረደበት ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን የሚያነሱበት ጊዜ ሳይሰጥ ስላጠፋው ነው። በሌላ በኩል ብሉ የሚባለውን ጣሊያናዊ የግድግዳ ሠዓሊ አስቡ። በ2016 ቦሎኛ ውስጥ ከየመንገዱ የተነቀሉ ሥራዎች በኤግዚቢሽን ሊቀርቡ ነው ሲባል፣ በ20 ዓመት ውስጥ በዚያች ከተማ የሠራቸውን ሥራዎቹን በሙሉ ራሱ በግራጫ ቀለም ሸፈናቸው። ባንክሲስ? በ2018 ለንደን ላይ ሥዕሉ በጨረታ እንደተሸጠ በፍሬሙ ውስጥ በተደበቀ ማሽን ራሱን ቆራረጠ፤ ዓለም ሳቀ። ያው የተቆራረጠው ሥዕል በ2021 በ18.6 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ማን በማን ላይ እንደሳቀ እንጃ። ከሦስቱ የማምነው ብሉን ነው። ሠዓሊ መጥቶ ባሳመረው ሰፈር ኪራይ ሲጨምር፣ መጀመሪያ የሚወጣው ግድግዳው ሥር ሲጫወት ያደገው ሰው ነው፤ ያን የማየት ዓይን ያለው ሠዓሊ ብዙ አይደለም።

ስለ ፎቶ ላንሳና አበቃለሁ። ሜይ 12 ቀን 1989 የኒውዮርክ ባቡር ድርጅት ግራፊቲ ያለበትን የመጨረሻ ፉርጎ ከሥራ አወጣ። ባቡሮቹ ታጥበዋል፤ ዛሬ የምናወራው ማርታ ኩፐርና ሄንሪ ቻልፋንት ፎቶ ስላነሱ ነው። ቻልፋንት ከማዶ መድረክ ላይ ቆሞ ወደ ጎን እየተራመደ ፉርጎውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ያነሳ ነበር፤ ከዚያ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ አንድ ረጅም ባቡር ያደርጋቸዋል። ኩፐር ግን ባቡሩን ከነከተማው፣ ከነሰማዩ ነው የምታነሳው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ስልክ የያዛችሁ ሁሉ፣ አንዱን ፊት ለፊት ቆማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፤ ሌላውን ርቃችሁ ጎረቤቱን ቤት፣ መብራት ምሰሶውን፣ የሚያልፈውን ሰው ጨምራችሁ አንሱ። ቀኑን ጻፉ። ትናንሾቹን ስሞች፣ ሰው ቆሻሻ የሚላቸውን ታጎች አትለፏቸው። ትልቁን ሥዕል ማንም ያነሳዋል። ደግሞ ፊቱን ያልሸፈነ ጸሐፊ በሥራ ላይ ካገኛችሁ ሳትጠይቁ ፊቱን አታንሱ፤ እባካችሁ።

በሉ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ኋላ ውሰዱልኝ። ጥያቄ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ከተቀመጡት።